የለቀቅሁት ጋዝ

ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ሽሽሽ…» ይላል መጀመሪያ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ምድጃ ውስጥ ሲገባ እንደሚለው። ቀጥሎ ይቀጥናል፣ ያፏጫል፤ በመጨረሻም ዝም። ቀጭኗን የመዳብ ቧንቧ በፒንሳ ከቆረጥኳት በኋላ ፍሪጁ የያዘውን ጋዝ ተንፍሶ እስኪጨርስ ያለችው ጊዜ ለእኔ የዕረፍት ጊዜ ነበረች። እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ደጅ ወጥቼ መንገደኛ አያለሁ። ስመለስ ጋዙ የለም። ሄዷል። የት እንደ ሄደ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዘመኑ 1985 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ደብረ ታቦር። እኔ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ካለችው ከገሳይ የመጣሁ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ገሳይን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቅ፤ የገብስና የድንች አገር ናት። ጉና ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከኋላዋ ይቆማል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ውርጭ የወረደ ሌሊት የድንቹ ቅጠል በአንድ አዳር እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ያድራል። ስለዚህም «የፍሪጅ ጥገና ልማር ነው» ብዬ ፍሪጅ ምን እንደሚሠራ ለእናቴ ሳስረዳት በሳቅ ፈነዳች።

«አገሩ ራሱ እንዲህ እየቀዘቀዘ፣ ሰው ምን ነክቶት ነው ብርድን በብር የሚገዛ?» አለችኝ።

ብርድ ግን ይገዛ ነበር። የደብረ ታቦር ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ቢራና ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ ነበራቸው። መብራት እየሄደ እየመጣ ሞተሩን ያቃጥለዋል፤ ቧንቧው ይበሳል፤ ጋዙ ያልቃል። ያን ጊዜ እኛ እንጠራለን።

ያስተማረኝን ሰው እኛ ልጆቹ «አያ» ነበር የምንለው። ሙያውን በድሮ ዘመን አሥመራ የተማረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። የፍሪጁን ሞተር በጆሮው ብቻ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። አንድ ቀን ጠራኝና ክብሪት ጭሮ የጋዙን ሲሊንደር ከፈት አደረገበት። ነበልባሉ ወዲያው ጠፋ።

«አየህ? አይነድም፣ አይሸትም፣ ሰው አይጎዳም። እንዲህ ያለ ጨዋ ጋዝ የለም» አለኝ።

አያ አላወቀም እንጂ ይህን ትርኢት ከእርሱ ቀድሞ ያሳየ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህንኑ ጋዝ በአፉ ሳበና ሻማ ላይ እፍ ብሎ አጠፋው። ከዚያ በፊት ፍሪጅ የሚሠራው በአሞኒያ ወይም በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበርና ጋዙ ያመለጠ እንደሆነ ሰው ይታመም፣ ይሞትም ነበር። ስለዚህ አዲሱ ጋዝ በእልልታ ተቀባይነት አገኘ። እግዜር ሲፈጥር ያልፈጠረው፣ ከሰው ላቦራቶሪ የወጣ ጋዝ ነው። የቤተሰቡ ስም ክሎሮፍሎሮካርቦን ይባላል፤ ሲያሳጥሩት ሲኤፍሲ። በእኛ ሠፈር ግን «አር-12» ነው፤ ወይም በቃ «ጋዝ»።

«አያ፣ ይኸ የምንለቀው ጋዝ የት ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«ወደ ላይ ነዋ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እግዜር ያውቃል» አለና ብየዳውን ቀጠለ።

በዕረፍት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጋፋት ድረስ በእግር እንሄድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት ስፍራ ነው። መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዚያ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትቶ ዛሬም እዚያው አለ። የሰው እጅ የሠራው ከባድ ነገር ማለት ለእኔ ያ ነበር። የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ መንገድ የሚያስጠርግ። እጄ ላይ አፏጭቶ የሚጠፋው ጋዝ ግን ክብደትም ያለው አይመስለኝም ነበር።

*

«እግዜር ያውቃል» ካለው ከአያ ሌላ፣ በእርግጥም ያወቀ ሰው መኖሩን የሰማሁት አዲስ አበባ ገብቼ የራሴን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለጥገና ባለሙያዎች በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ አስተማሪው እኔ አያን የጠየቅሁትን ጥያቄ መልሶ እኛን ጠየቀን። የሚመልስለት አልተገኘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የሚያውቁትን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የተረዳሁትን እነሆ።

ጄምስ ላቭሎክ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በአየር ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ነገር የሚያሸት መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሻክልተን» በተባለች መርከብ ላይ ጫነውና ከእንግሊዝ እስከ አንታርክቲካ ተጓዘ። በመንገዱ ሁሉ አየር እየቀዳ ሲመረምር የአር-12 ወንድም የሆነውን ሲኤፍሲ-11ን በየደረሰበት አገኘው። ፋብሪካ በሌለበት ውቅያኖስ ላይ፣ ፍሪጅ በማያስፈልግበት በበረዶው አገር አጠገብ ሳይቀር! ትርጉሙ ግልጽ ነበር። የተለቀቀው ጋዝ አልጠፋም። ዓለምን ዞሮ እየተጠራቀመ ነው። ላቭሎክ ግን በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ክምችት ጉዳት እንደሌለው ጻፈ፤ በኋላ ግን ተጸጸተበት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በአያ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ወጣልኝ። ቆጣሪውን የፈለሰፈው ሰው ካልጠረጠረ፣ ደብረ ታቦር ላይ ክብሪት የጫረ ሰው ምን ይጠየቃል?

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1974፣ ማሪዮ ሞሊና እና ሸርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያጣራልንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ አስረዱ። በ1995 የኖቤል ሽልማት ከፖል ክሩትዘን ጋር የተካፈሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም አለ። በ1975 ራማናታን የተባለ ሕንዳዊ የሲኤፍሲ ጋዞች የምድርን ሙቀት አፍነው የሚይዙ መሆናቸውን አሳየ። አንዷ ቅንጣት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አሥር ሺህ ቅንጣት ጋር የሚስተካከል ሙቀት ትይዛለች። እኔን እጅግ የገረመኝ ግን የሰውየው ታሪክ ነው። ራማናታን መሐንዲስነቱን እንደ ጨረሰ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ በሕንድ አገር ሴከንደራባድ ከተማ በፍሪጅ ፋብሪካ ነበር። ሥራውም ጋዙ ለምን እያፈተለከ እንደሚያመልጥ መመርመር! እኔ ከሰማሁት ፉጨት አንዱን እርሱም ሰምቶታል ማለት ነው። ልዩነቱ እርሱ የት እንደ ሄደ መጠየቁን አለማቆሙ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ። ጋዙ የሚለካው ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ስንቱ እርሱ እንደሆነ በመቁጠር ነው። ትሪሊዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። ለእናቴ ለማስረዳት እንዲህ አስልቼው ነበር። አንድ ትሪሊዮን የጤፍ ፍሬ ቢሰበሰብ ክብደቱ ሦስት ሺህ ኩንታል ገደማ ይሆናል። ያን ሁሉ ጤፍ ጎተራ ሙላና ከውስጡ አምስት መቶ ፍሬ ብቻ ቀይ ቀለም ነክረህ ቀላቅለው፤ ከዚያ ፈልገህ ቁጠረው። አምስት መቶ የጤፍ ፍሬ በሁለት ጣት የምትቆነጠር ናት። ጠበብቱ የሚቆጥሩት ያችን ቁንጥር ነው። በየዓመቱ ስንት ፍሬ እንደ ጨመረችና እንደ ቀነሰች ሳይቀር ይነግሩሃል።

ይህ ቆጠራ ከ1978 ጀምሮ ሳይቋረጥ የተካሄደ ነው። ከከተማ ርቀው የባሕር ነፋስ በሚመታቸው ጠረፎች ላይ፣ በአየርላንድ፣ በባርቤዶስ፣ በሳሞአ፣ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ጣቢያዎች ቆሙ። አሜሪካኖችም በሃዋይ ተራራ ላይና በደቡብ ዋልታ እንዲሁ ይቆጥራሉ። በታዝማኒያው ኬፕ ግሪም በተባለው ስፍራ ደግሞ ከዚያው ዓመት ጀምሮ አየሩን ራሱን በብረት ጠርሙስ እያሸጉ ያስቀምጣሉ። የአየር ጎተራ በሉት። አዲስ መሣሪያ በተሠራ ጊዜ የድሮውን ዘመን አየር ከፍተው ይለኩታል። ትናንት ማንም ያላየውን ዛሬ ያገኙታል።

የአር-12 ቆጠራ በ1978 ከ300 ያነሰ ነበር። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ መሳሳቱን ሲያስታውቁ ዓለም ደነገጠ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በጥቅምት ወር 1987 ዓ.ም. ገባችበት። እኔ ቧንቧ መቁረጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ቆጠራው ግን ወዲያው አልወረደም። እስከ 2003 ድረስ ሲወጣ ኖሮ ከ540 አለፈ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። በ2019 503 ደረሰ። በአሥራ ስድስት ዓመት የወረደው አርባ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም አር-12 አየር ላይ መቶ ዓመት ያህል የሚኖር ነው።

*

ቆጠራ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ የሚከተለውን ይስማ።

በስምምነቱ መሠረት ሲኤፍሲ-11 ከ2010 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ መመረት አቁሟል ተብሎ ነበር። አገሮች ያቀረቡት ሪፖርት ሁሉ ዜሮ ይላል። ዳሩ ግን በግንቦት ወር 2018 ስቲቨን ሞንትዝካ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ የሚያሳፍር ነገር ይፋ አደረጉ። የጋዙ አወራረድ ከ2012 ወዲህ በግማሽ ቀንሷል። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ተደብቆ እየሠራው ነው! በሚቀጥለው ዓመት፣ በኮሪያዋ ጎሳን እና በጃፓኗ ሃተሩማ ደሴት ያሉ ጣቢያዎች የመዘገቡትን ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር አገናዝበው ከጭማሪው ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከምሥራቅ ቻይና፣ በተለይም ከሻንዶንግና ከኸቤይ አውራጃዎች እንደሚነሳ አመለከቱ። ጋዙ ፎም ለመሥራት ይውል ነበር። ቁጥጥሩ ጠበቀ። በ2021 በወጡት ጥናቶች መሠረት ልቀቱ በ2019 ተመልሶ ወርዷል።

ወረቀቱ ዜሮ ሲል አየሩ አይደለም አለ። የሰው ልጅ ወረቀቱን ትቶ አየሩን አመነ።

*

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ገሳይ ሄጄ ስለ ቆጠራው ለእናቴ ተረኩላት። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ድንች እየላጠች ነው። ጤፉን፣ ቁንጥሩን፣ በጠርሙስ የታሸገውን አየር ስነግራት አላቋረጠችኝም። ከዚያ ባላሰብኩት በኩል መጣችብኝ።

«አንተስ? አንተ የለቀቅኸው ስንት ይሆናል?»

አስልቼው አላውቅም ነበር። ወይም ማስላቱን ፈርቼ ይሆናል። እዚያው ምድጃው ዳር አሰላሁት። ሥልጠናው እስኪደርሰኝ በነበሩት ዓመታት አር-12 የያዙ አራት መቶ ፍሪጆች ያስተነፈስኩ ቢሆን፣ አንዱ በአማካይ መቶ ሃያ አምስት ግራም ቢይዝ፣ ሃምሳ ኪሎ ይመጣል። ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አሥር ሺህ እጥፍ ነውና አምስት መቶ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ለቀቅሁ ይቆጠራል። በእናቴ መስፈሪያ አምስት ሺህ ኩንታል። ከሴባስቶፖል ሰባ ጊዜ ይከብዳል።

«ግማሽ ኩንታል ብርድ በትነሃላ!» አለች ፈገግ ብላ። ቀጥላም «አሁን የት ነው?» አለችኝ።

«አየር ላይ ነው እማ። ከአራት እጅ ሦስቱ ገና አልጠፋም።»

ራሴን ልከላከል ሞከርኩ። የእኛ አገር ፍሪጅ ከፈረንጁ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ መሆኑን፣ ጋዙን የሠሩትም የነገዱበትም የጠገቡ አገሮች መሆናቸውን፣ እኔም አለማወቄን ነገርኳት። ሁሉም እውነት ነው። እርሷም አልካደችኝም። ድንቹን ድስት ውስጥ እየጨመረች «የሰው ዕዳ ስለበዛ የአንተው ይሰረዝልሃል እንዴ?» ብቻ አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ከጎረቤት የተበደረችውን ዘር እስክትመልስ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች፤ ከዚያ የተለየ ሒሳብ አታውቅም።

ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያን ቆጣሪ ጉና ላይ ቢያቆሙት ጥሩ ነበር፤ የማይመታው ነፋስ የለም» አለች። ሳቅሁ። በኋላ ግን ሩዋንዳ ውስጥ ሙጎጎ በተባለ ተራራ ላይ ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን የሚለካ ጣቢያ መኖሩን ሳነብ በመሳቄ አፈርኩ። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ጣቢያ እጅግ ጥቂት ነው። ለእናቴ ይህን መልሼ ነግሬያታለሁ፤ «አላልኩህም?» የሚል ፊት አሳየችኝ።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። በ1985 የቆረጥኳት የመጀመሪያዋ ቧንቧ የተነፈሰችው ጋዝ ግን አብዛኛው ዛሬም አለ። እኔም ስሄድ ይኖራል። የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም መጨረሻውን የሚያየው።

*

ዛሬ ሱቄ የሚመጡት ፍሪጆች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአር-134ኤ ነው፤ በአር-12 ቦታ የተተካው ማለት ነው። ኦዞንን አይነካም፤ ሙቀት በማፈን ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ዕድሜው አጭር ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ገደማ። ሆኖም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከምንም ተነስቶ በ2019 ቆጠራው ከ100 አልፏል። በ2016 በኪጋሊ ይህንንም ለመቀነስ ስምምነት ተደርጎ ኢትዮጵያም በ2019 አጽድቃዋለች። አዲሶቹ ፍሪጆች ደግሞ ብዙዎቹ አይሶቡቴን በሚባል ጋዝ ይሠራሉ። ከምግብ ማብሰያው ጋዝ ጋር ዘመድ ነው፤ ይነድዳል፤ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ግን ከቁጥር አይገባም። የአያ ክብሪት እዚህ ላይ አይሠራም።

ያለፈው ክረምት አንድ የምጠላው ድምፅ ከጓሮ ሰማሁ። ሽሽሽ…። ስሮጥ ደረስኩ። የሚያግዘኝ ልጅ የአንድ አሮጌ ፍሪጅ ቧንቧ ቆርጦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል።

«መሰብሰቢያው ማሽን እያለ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ! ሰውየው ደግሞ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ደግሞስ… ማን ያየናል?»

ልጁ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። መብራት አልነበረም። ባለ ፍሪጁ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ ጋዝ ሰበሰብክ ብሎ አንድ ብር የሚጨምርልኝ ደንበኛ የለም። የሰበሰብኩባቸው ሁለት ሲሊንደሮች ሞልተው ሱቁ ጥግ ቆመዋል፤ ወስዶ የሚያስወግድልኝ እየፈለግሁ ዓመት አልፎኛል፤ ቦታ ስለያዙ ባለቤቴ ሁሌ ትነጫነጭብኛለች።

ጩኸቴን ዋጥሁና ልጁን አጠገቤ አስቀመጥሁት። ስለ ሻንዶንግ ፋብሪካዎች ነገርኩት። ተደብቀው ሲሠሩ ባሕር ተሻግሮ በአንዲት ደሴት ላይ የቆመ መሣሪያ እንዴት እንዳሸተታቸው ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ሲጨርስ ግን ብልህ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«የእኛን የአንድ ፍሪጅ ጋዝ ግን ለይተው አያገኙትም አይደል?»

«አያገኙትም» አልኩት። መዋሸት አልፈለግሁም። «ከቁጥሩ ውስጥ ግን አለ።»

ምንም አልመለሰልኝም። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ሌላ ፍሪጅ ገባ። ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ልጁ ቱቦውን ከማሽኑ ሲያገናኝ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ደንበኛው ተቆጣ። እኔ ግን ጆሮዬን አቅንቼ አዳመጥኩ። ፉጨቱ አልነበረም።